የእናታችሁ እናት ስም ማን ነው?

(መግቢያ ዜማ፦ ክራር፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

   

ዛሬ የምናወራው ስለ እናትና ስለ አያት ነው። የምንወዳት እናት ሕይወቷ እንዴት ይታወሳል? የልጅ ልጆቿ ልጆች ማን እንደነበረች እንዲያውቁ ምን ማድረግ አለብን? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ባላችሁበት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ መልሱልኝ። የአባታችሁ አባት ስም ማን ይባላል? ይኼ ቀላል ነው፤ መታወቂያችሁ ላይ ተጽፏል። የእሳቸውስ አባት? እሱንም የሚያውቅ ብዙ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥርም አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ። የእናታችሁ እናት ስም ማን ነው? የእሷስ እናት?

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ)

ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን መለሳችሁ፤ ሁለተኛው ላይ ግን ቆማችኋል ብዬ እገምታለሁ። አይፈረድባችሁም። ስማችን የሚሄደው በአባት በኩል ነው። ስምንት ልጅ የወለደች ሴት ከስምንቱ የአንዱም ስም ቀጥሎ ስሟ አይጻፍም። ስለዚህ አንዲት እናት ካለፈች በኋላ ከወረቀት ላይ ለመጥፋት አንድ ትውልድ ይበቃታል። የአባት አያት ስሙ በራሱ ጊዜ ይተርፋል። የእናት አያት ስም የሚተርፈው ግን ሆን ብሎ የሚያስቀምጠው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ። የእናት ታሪክ የሚተርፈው ሆን ብለን ስናስቀምጠው ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ መካኒሳ አቦ ልውሰዳችሁ። አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው፣ ስሙን ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘው ሰፈር ማለቴ ነው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በተለይም መጋቢት 5፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከየአቅጣጫው ወደ ደብሩ ሲተሙ ያየ ሰው ሰፈሩን ያውቀዋል።

እንበልና በዚያ ሰፈር አንዲት አያት አረፉ። የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ለዚህ ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ያውቃል፤ እድር የሚባል ትልቅ ሀብት አለንና ማንም እናት ብቻዋን አትቀበርም።

ማታ ላይ ከልጅ ልጆቹ አንዱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እስክሪብቶና ወረቀት ይሰጠዋል። «የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍ፤ የተማርክ ነህ» ይባላል። ነገ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከቀብሩ በፊት የሚነበብ ነው። ልጁ ይጀምራል፦ «ከአባቷ ከአቶ... ከእናቷ ከወይዘሮ...» እዚያው ላይ ይቆማል።

«የእማዬ እናት ማን ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዷ አክስት አንድ ስም ትናገራለች፤ ሌላዋ «አይ፣ እሱ እንኳን የእንጀራ እናቷ ስም ነው» ትላለች። «መቼ ተወለደች?» ሲል አንዱ ዓመተ ምሕረት ይጠራል፤ ሌላው አምስት ዓመት ይጨምርበታል። በነጋታው ደግሞ ካህኑ ለፍትሐቱ «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል። በመጨረሻ መልሱ የሚገኘው ከአንዲት አሮጊት ጎረቤት ነው፤ አርባ ዓመት አብረዋት የአቦን ማኅበር የጠጡ እናት!

አድማጮቼ፣ ይህ በስንት ለቅሶ ቤት ደርሷል? እናንተስ ቤት? እነዚያ ልጆች እናታቸውን ስለማይወዱ አይደለም እንዲህ የሆነው። ስለሚወዷት ሁልጊዜ ያለች መስሏቸው ሳይጠይቋት ቀሩ። እናት ቤት ውስጥ እያለች ጥያቄው አይታወሰንም። ጥያቄው የሚመጣው መልሱ ሲሄድ ነው።

ድሮ ይህን ክፍተት በጥቂቱም ቢሆን የምትሸፍን ሰው ነበረች። አልቃሽ። ጎበዝ አልቃሽ ሙሾዋን ከማውረዷ በፊት ቤተሰቡን ትጠይቃለች። የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው? እጇ ለጋስ ነበር ወይ? ማንን ቀበረች? ከዚያ የሰማችውን በግጥም ታወርደዋለች፤ ለቀስተኛውም የሟቿን ሕይወት ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ከመጠን ያለፈ ልቅሶን አትደግፍም፤ አልቃሾችም በከተማችን እየጠፉ ነው። እኔ የማዝነው የሚጠይቅ ሰው በመጥፋቱ ነው። ዛሬ የአልቃሿን ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ መሆን አለብን፤ እናታችን በሕይወት እያለች።

(ዜማ፤ ለአሥር ሰከንድ)

አሁን ደግሞ ጠይቃ ያገኘች አንዲት የልጅ ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። እውነተኛ ታሪክ ነው።

ጎንደር ውስጥ ወይዘሮ የተመኙ የሚባሉ እናት ነበሩ። በስምንት ዓመታቸው ተዳሩ። ስምንት ዓመት! ባላቸው የቤተ ክህነት ሰውና ባለቅኔ ጸጋ ተሻለ ሲሆኑ ከእሳቸው በሃያ ዓመት ግድም ይበልጣሉ። ወይዘሮ የተመኙ ልጆች ወለዱ፣ ልጆችም ቀበሩ። የጣሊያንን ወረራ አዩ። ባላቸው ታስረው ሲያልፉ ፍትሕ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አቤት አሉ። የንጉሡን ዘመን፣ የደርግን ዘመን፣ ከዚያም ወዲህ ያለውን አይተው፣ ወደ መቶ በተጠጋ ዕድሜ አረፉ። ከልጆቻቸው አንዱ ብዙ ሐኪሞችን ያስተማሩት ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። እንዲህ ያለች እናት በአንድ ማታ በተጻፈ ወረቀት ብትታወስ ኖሮ ምን ይቀር ነበር? «ጎንደር ተወልዳ፣ በሕግ ተጋብታ፣ ልጆች አፍርታ...» ያ ብቻ።

ነገር ግን የልጅ ልጃቸው አይዳ እደማርያም፣ እንግሊዝ አገር የምትሠራ ጋዜጠኛ፣ አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ጠየቀች። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በብዙ ዓመታት ውስጥ። የአያቷን ቃል ቀረጸች። ምን ያበስሉ እንደነበር፣ ምን ይጸልዩ እንደነበር፣ ምን ያስፈራቸው እንደነበር ሰማች። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው፤ «ዘ ዋይፍስ ቴል» ይባላል። በመጽሐፉ ውስጥ የአገራችን ወራት ከነአየራቸው ከነበዓላቸው ታሪኩን ይዘውት ይሄዳሉ። በ2011 ዓ.ም. የብሪታንያ ሮያል የሥነ ጽሑፍ ማኅበር የኦንዳቼን ሽልማት ሰጠው፤ የአንድን ቦታ መንፈስ አጉልቶ ለሚያሳይ መጽሐፍ የሚሰጥ ሽልማት ነው።

ሁላችሁም መጽሐፍ ጻፉ አልልም። የምላችሁ ሌላ ነው። አንዲት የጎንደር እናት በዓለም የታወቁት የልጅ ልጃቸው ስለጠየቀች ነው። መካኒሳ አቦ፣ ጀሞ፣ ላፍቶ፣ ቆሬ፣ በየግቢው የተቀመጡት እናቶች ከወይዘሮ የተመኙ ያነሰ ሕይወት አልኖሩም። ጠያቂ ነው ያጡት።

(አጭር ዜማ)

እሺ፤ እንዴት እንጠይቅ? «እማዬ፣ የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ» ብትሏት ምን የምትል ይመስላችኋል? «እኔ ምን ታሪክ አለኝ!» ብላ ትስቃለች፤ ትክክልም ናት። ሕይወት በአንድ ጥያቄ አይወጣም።

ከስም ጀምሩ። የራሷን ሙሉ ስም፣ ስመ ክርስትናዋን፣ ቤት ውስጥ የምትጠራበትን ስም። ማን እንዳወጣላት፣ ለምን እንዳወጣላት። ከዚያ እናቷን፣ የእናቷን እናት፣ የክርስትና እናቷን። ሙስሊም ቤተሰቦችም እንዲሁ፤ ስሟን ያወጣላት ማን ነው? የትኛው ሼህ ዱዓ አደረጉላት? አያችሁ፣ ስም ሲነሳ ሰው ይነሳል፤ ሰው ሲነሳ ታሪኩ ተከትሎ ይመጣል።

ቀጥሎ ዘመን። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ብዙዎቹ አያቶቻችን የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመት በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ግን አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ዘመኖች አሉ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ የተመለሱትም ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ በ1933። ቀኑ አንድ ስለሆነ የትኛውን እንደምትል ለይታችሁ ጠይቁ። የታኅሣሡ ግርግር በ1953 ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። ትርፍ ቤት የተወረሰው በዚያው ዓመት ሐምሌ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971። ከዚያ የ1977 ድርቅ፣ ከዚያ ግንቦት 20 ቀን 1983።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። አያት እንዲህ አለች እንበል፦ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ተኩሱን ስንሰማ እናቴ አልጋ ሥር ከተተችን፤ ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም ነበር።» ስለዚህ በ1953 ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ልደቷ በ1946 ወይም በ1947 ግድም ይሆናል። ቀጥሎ ደግሞ «ንጉሡ ሲወርዱ የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ» አለች። ያ በ1967 መጀመሪያ ነው፤ ሃያ ዓመት ግድም ሆኗታል ማለት ነው። ታላቅ አጎታችሁ የክርስትና ካርድ ካለው አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ በ1967 የተወለደ ከሆነ ነገሩ ገጠመ። አያችሁ? ቀን የማታውቅ የምትመስል አያት ቀኑን በሙሉ ታውቀዋለች። እኛ መጠየቁን አላወቅንበትም እንጂ።

ውጭ አገር ያላችሁ አድማጮቻችን ይህችን አስተውሉ። ዋሽንግተንም ሆናችሁ ቶሮንቶ፣ የእናታችሁን ዘመን ስትጽፉ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ካልለያችሁ የልጅ ልጆቻችሁ እናታችሁን ስምንት ዓመት ያስረጇታል ወይም ያሳንሷታል።

ያዝን? ስም፣ ከዚያ ዘመን። ዘመኑንም አገር በሚያውቀው ድርጊት እንይዘዋለን።

(የቡና ስኒ ድምፅ፤ ለስለስ ያለ ዜማ)

አሁን ቦታ። መካኒሳ ያላችሁ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ሰፈሩን አንድ ዙር ዙሩ። የትንሹ አቃቂ ወንዝ አጠገብ ስትደርሱ ቁሙ። ወንዙን ይዘው ጎመንና ሰላጣ የሚያበቅሉትን አትክልተኞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። «ያኔ ውሃው እንዴት ነበር? ልብስ ታጥቢበት ነበር ወይ? ከማን ጋር ነበር የምትወርጂው?» በሏት። የአልኮል ፋብሪካው በር ላይ ስትደርሱም «እዚህ አካባቢ መጀመሪያ ስትመጪ ምን ነበር?» በሏት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ይህ ሰፈር ለብዙ ዘመን የከተማዋ ዳር ነበር። ዛሬ አስፋልትና ፎቅ ሆኗል፤ ጎረቤትም ተበትኗል፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ አንዱ ሌላ ክፍለ ከተማ ሄደ። ሰፈሩ ምን ይመስል እንደነበር በቃል የያዙት እናቶች ናቸው። የአንዷን እናት ታሪክ ስትጠይቁ የሰፈሩንም ታሪክ ትጠይቃላችሁ።

እዚሁ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ቃል ልጨምር። እናታችሁ በኦሮምኛ ከሆነ የምታስበው፣ በኦሮምኛ ትናገር። በጉራጊኛም፣ በትግርኛም ከሆነ እንዲሁ። መተርጎም በኋላም ይቻላል፤ የእናት አፍ ግን አይተረጎምም። መካኒሳ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በምልክት ቋንቋ የምታወራ ከሆነ በቪዲዮ ቅረጿት፤ ፊቷና እጆቿ በደንብ እንዲታዩ ብርሃን ወዳለበት አዙራችሁ።

ቀጥሎ ሥራዋ። ይኼኛው ላይ ልቤ ይነካል። በሕይወት ታሪኩ ወረቀት ላይ የአባት ሥራ ይዘረዘራል፤ ወታደር ነበር፣ ጸሐፊ ነበር፣ ነጋዴ ነበር። የእናት ሲሆን «የቤት እመቤት» ተብሎ ይታለፋል። ጠላ ጠምቃ ልጅ ያስተማረችው የት ሄደ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ የሸጠችው? ጉሊት ቁጭ ብላ ሽንኩርት የቸረቸረችው? ፈትላ፣ ያን ፈትል ሸማኔ ቤት ወስዳ ለልጇ ሠርግ ጋቢ ያደረሰችው? የሴቶች እድር ሰብሳቢ ሆና የሰፈሩን ድስትና ብረት ምጣድ በኃላፊነት የያዘችው? ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ በስሙ ይጻፍ። ስንት ትሸጥ እንደነበር፣ በምን ብር የማንን ደብተር እንደገዛች ጠይቁ። መሠረተ ትምህርት ተምራ ከሆነ «ምስክር ወረቀትሽን አሳዪኝ» በሏት፤ ሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የምግብ እጇንም አትርሱ። በርበሬዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ቁሙ። ኮረሪማው ስንት ነው? ነጭ ሽንኩርቱ? በሶብላው? «በዓይኔ ነው የምመትረው» ትላለች። እንግዲያው እፍኟን ከመጨመሯ በፊት በማንኪያ ለኩት፤ ጻፉት። ስንት ቤት ነው «የእማዬ ዓይነት አልወጣ አለ» እየተባለ በየበዓሉ የሚቆጨው?

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ድምፅ እንሂድ። ዛሬ በሁላችሁም ኪስ ውስጥ መቅረጫ አለ፤ ስልካችሁ ነው። ግን ዝም ብሎ መክፈት አይበቃም። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ እኛንም ቢሆን ሬዲዮኑን ዝጉን። ስልኩን አንድ ክንድ በሚሆን ርቀት፣ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ፦ «ዛሬ ቀኑ ይህ ነው፣ ያለነው እዚህ ነው፣ የምታወራው አያቴ እገሊት ናት።» ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ልጅ ማን እንደምታወራ የሚያውቀው በእሷ ነው።

ከዚያ ጠይቁና ዝም በሉ። «ተደስተሽ ነበር?» አትበሏት፤ «አዎ» ትልና ያበቃል። «የሠርግሽ ለት ጠዋት ማን ቀሰቀሰሽ? ምን ለበስሽ? በምን ሄድሽ?» በሏት። ዝም ስትል አትጣደፉ፤ እያስታወሰች ነው። «እሺ፣ ከዚያስ?» ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ሲሆን አቁሙና በሌላ ቀን ቀጥሉ፤ እናትን ማድከም አይገባም።

የቀረጻችሁትን ስሟንና ቀኑን ሰጥታችሁ አስቀምጡ። ስልኩ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ቅጂ በቴሌግራም ለእህት ወይም ለወንድም። ፎቶዎቿንም አውጡና እያንዳንዱ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ከእሷው ጋር ሆናችሁ ከጀርባው ጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶው ፊት ያልፋልና።

(ዜማው ይረጋል)

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልመጣ ነው። ስትጠይቁ ሐዘን ታገኛላችሁ። የሞተ ልጅ፣ የጠፋ ወንድም፣ በግድ የተደረገ ጋብቻ፣ ረሃብ። ምን ታደርጋላችሁ?

የወይዘሮ አበበች ጎበናን ሕይወት አስቡ። ብዙ ሺህ ልጆች «እዳዬ» ብለው የሚጠሯቸው እናት። ጣሊያን በወረረን በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ፤ አባታቸው በዚያው ጦርነት ወደቁ። ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። በአሥር ዓመታቸው ግድም ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ከዚያ ትዳር አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ ወሎ ላይ በረሃብ የወደቀ ሕዝብ አዩ፤ የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ሌላ ልጅ፣ ከዚያ ሌላ። ዓመት ሳይሞላ ሃያ አንድ ልጆች በቤታቸው ነበሩ። ሁለተኛ ትዳራቸው በዚህ ምክንያት ፈረሰ፤ እሳቸው ልጆቹን መረጡ። ያቋቋሙት የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ማኅበር በስማቸው ይጠራል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2021፣ በኮሮና ሕመም አረፉ።

እዳዬ ስለ ልጅነት ጋብቻቸው ባይናገሩ ኖሮ፣ ለምን ለተጣለ ልጅ እንዲያ ይንሰፈሰፉ እንደነበር እናውቅ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ሐዘኗ የእናት ታሪክ አካል ነው፤ ቆርጠን ብንጥለው የቀረውን አንረዳውም። ስለዚህ የእናታችሁን ታሪክ ለማሳመር ብላችሁ አታጉድሉት። ነገር ግን አታስገድዷት። ስታለቅስ መቅረጫውን አጥፉ፣ እጇን ያዙ። በመጨረሻም ጠይቋት፦ «ይህን ልጆቹ ይስሙት? ወይስ በእኔና ባንቺ መካከል ይቅር?» ያለችው ይፈጸም። ታሪኩ የእሷ ነው።

(አጭር ዜማ)

«እኔ ግን እናቴን ቀብሬአለሁ፤ ረፍዷል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ብዙ ነገር ገና በእጃችሁ ነው።

አርባዋ፣ ሰማንያዋ፣ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ዘመድ ከየአገሩ ይሰበሰባል። ከገጠር አክስት ይመጣሉ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ይመጣሉ። ከጸሎቱና ከዝክሩ በኋላ፣ እንግዳው ሳይነሳ፣ «እስቲ እያንዳንዳችሁ ስለ እማዬ አንድ የምታውቁትን ንገሩን» በሉና ቅረጹ። በጸሎት ስብሰባ የምታስቧትም፣ ሶደቃ የምታወጡላትም ይህንኑ አድርጉ። የማኅበር ጓደኞቿን ቤታቸው ድረስ ሂዱ፤ የዕቁብ ጓደኞቿንም። የእድሩን ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያሳዩዋችሁ ለምኗቸው፤ መቼ አባል እንደሆነች እዚያ ልታገኙ ትችላላችሁ። መዝገቡ በአባታችሁ ስም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ስም ፈልጉ።

አሁንም ልድገመው፤ ስሟን፣ ዘመኗን፣ ቦታዋን፣ ሥራዋን፣ ድምፅዋን። ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም። በሳምንት አንድ ቡና፣ በአንድ ቡና አንድ ጥያቄ።

(የመዝጊያ ዜማ ከሥር ይጀምራል)

ከመለያየታችን በፊት ለእናንተ፣ ለእናቶቼና ለአያቶቼ የምለው አለኝ። የልጅ ልጃችሁ ስልኩን ይዞ አጠገባችሁ ሲቀመጥ «የእኔ ታሪክ ምን ያደርግልሃል» አትበሉት። ንገሩት። ውሃ የቀዳችሁበትን ምንጭ ንገሩት። እናታችሁ ፀጉራችሁን ስትሠራችሁ ምን ትላችሁ እንደነበር ንገሩት። የቀበራችሁትን ልጅ ስም ንገሩት፤ የሚጠራው ሌላ ሰው የለምና። ለእድር ከፍላችኋል፣ ለማኅበር ደግሳችኋል፣ ለልጅ የሚሆነውን ሁሉ አስቀምጣችኋል። ይህንንም አስቀምጡላቸው። ከዛሬው ቡና ጀምሩ።

(ዜማው ከፍ ብሎ ያበቃል)